አምስተኛ ማርሽ ለአሮጌዋ ላዳችን
ከ12ኛ ክፍል ተማሪ

በትምህርት ቤታችን መጽሔት ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው ስለ ታሪክ፣ ስለ መልካም ጠባይና ስለ ትምህርት ጥቅም ነው። እኔ ግን ዘንድሮ እጄ በዘይት እስኪጠቁር ድረስ የተማርኩትን አንድ ነገር፣ ይኸውም አራት ማርሽ ብቻ ላላት አሮጌ መኪና ባለአምስት ማርሽ ካምቢዮ እንዴት እንደሚገጠም፣ ጥቅሙም እስከ ምን ድረስ እንደ ሆነ ለመግለጽ እሞክራለሁ።

መኪናችን እ.ኤ.አ. በ1977 የተሠራች ላዳ 2101 ስትሆን፣ አባቴ ከወንድ አያቴ የወረሷት ናት። የላዳ ዘር ከኢጣልያ ይመዘዛል። የፊያት ኩባንያ ከሶቪየት ኅብረት ጋር እ.ኤ.አ. በ1966 በተዋዋለው መሠረት፣ ፊያት 124 ለሩሲያ መንገድና ብርድ እንድትስማማ ተጠናክራ፣ ከ1970 ጀምሮ በቮልጋ ወንዝ ዳር በቶልያቲ ከተማ ትሠራ ጀመር። በአዲስ አበባም ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ ለብዙ ዓመታት በታክሲነት ስላገለገለች ላዳን የማያውቅ ሰው የለም።

ሴት አያቴ የሚኖሩት አዳማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በተከፈተው የፍጥነት መንገድ ስናመላልሳቸው፣ ከሞተሩ ጩኸት የተነሣ መነጋገር አይቻልም ነበር። ጆሯቸው የደከመ ስለ ሆነ አያቴ መንገዱን ሁሉ ዝም ብለው ይሄዱ ነበር። አባቴም በዚህ ተሰላችተው መኪናዋን ለመሸጥ ማሰብ ጀመሩ። እኔ ግን ምክንያቱን ሳናውቅ የአያቴን ንብረት መሸጥ አልዋጥልህ አለኝ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ካምቢዮ ማለት በሞተሩና በኋላ ጎማዎቹ መካከል ያለ የጥርስ ሳጥን ነው። በላዳ 2101 አንደኛ ማርሽ ሞተሩ 3.75 ጊዜ ሲዞር፣ ወደ ኋላ የሚሄደው ዘንግ የሚዞረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ፍጥነቱ ያንሳል፣ ጉልበቱ ግን ይበዛል። ሁለተኛው 2.30፣ ሦስተኛው 1.49 ነው። በአራተኛው ሞተሩና ዘንጉ እኩል ይዞራሉ፤ ከዚያ በላይ ማርሽ የለም። ከኋላ በመጣችው በላዳ 2107 ባለአምስት ማርሽ ካምቢዮ ግን አምስተኛው 0.82 ነው። ይኸውም ሞተሩ 82 ጊዜ ሲዞር ዘንጉ 100 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። ኦቨርድራይቭ የሚባለውም ይኸው ነው።

ነገሩን በሒሳብ እንየው። የላዳ ጎማ አንድ ጊዜ ሲዞር 1.80 ሜትር ያህል ይሄዳል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ማለት በደቂቃ 1,333 ሜትር ስለ ሆነ፣ ጎማው በደቂቃ 741 ጊዜ ይዞራል። ዲፈረንሲያሉ 4.3 ነውና በአራተኛ ማርሽ ሞተሩ በደቂቃ 3,185 ጊዜ መዞር አለበት። በአምስተኛው ግን 2,612 ይበቃዋል። በአንድ ሰዓት ጉዞ ከ34,000 ዙር በላይ ተረፈ ማለት ነው። የአንደኛው ማርሽ ቁጥር ደግሞ በአዲሱ ካምቢዮ 3.67 ስለ ሆነ፣ መኪናዋ በዳገት ላይ ለመነሣት ያላት ጉልበት ብዙም አይቀንስም። ዲፈረንሲያሉን ብቻ ለውጠን ቢሆን ኖሮ ጩኸቱ ቢቀንስም፣ የማርሾቹ ሁሉ ጉልበት አብሮ ይቀንስ ነበር።

ይህን ሒሳብ ለአባቴ ባሳያቸው «ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይኸ ነው» አሉኝ። በመጨረሻ ግን በሁለት ነገር ተስማማን፤ ከመኪናዋ አካል ምንም ነገር እንዳይቆረጥ፣ የቀድሞውም ካምቢዮ ዘይት ተቀብቶ እንዲቀመጥ። ሥራው ባይሳካ ወደ ነበረችበት ትመለሳለችና።

ከተጋጨች 2107 ላይ የወለቀ ካምቢዮ ገዝተን፣ ጎረቤታችን ከሆኑት መካኒክ ጋር በሁለት ቅዳሜ ሠራነው። አስቀድመን የባትሪውን ገመድ ፈታን፤ መኪናዋንም በጠንካራ ቋሚ ብረቶች ላይ አሳረፍናት። በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር መግባት ሞትን መጥራት ነው። ቀጥሎ ዘይቱን አፍስሰን፣ የኋላውን ዘንግ፣ የሞተር ማስነሻውንና የፍጥነት መለኪያውን ገመድ ፈትተን፣ ከሃያ ኪሎ በላይ የሚመዝነውን ካምቢዮ በጥንቃቄ አወረድነው። አዲሱን ስናስገባ ዋናው ጥንቃቄ ክብደቱ በፊተኛው ዘንጉ ላይ እንዳይንጠለጠል ነው፤ ከተንጠለጠለ የፍሪሲዮኑን ዲስክ ያጣምማል። ካምቢዮውን ከሥር የሚሸከመው የድሮው ብረት ስላልገጠመ፣ ለባለአምስቱ የሚሆነውን ፈልገን አመጣን። የኋላው ዘንግም በቂ መላወሻ እንዲኖረው ሳንለካ አላሰርነውም።

ብዙ ሰው የሚረሳው የፍጥነት መለኪያውን ነው። የመለኪያው ጥርስ የሚመረጠው በዲፈረንሲያሉ ቁጥር ነው። ለ3.9 ዲፈረንሲያል የተሠራ ጥርስ በእኛ 4.3 ላይ ቢቀር፣ መኪናዋ በ80 ስትሄድ መለኪያው 88 ያሳያል። ስለዚህ የሚስማማውን ጥርስ አስገባን።

ጥፋት ግን አልቀረልኝም። ዘይቱን የሞላሁ እኔ ነኝ፤ በቀድሞው መጽሐፍ እንደ ተጻፈው 1.35 ሊትር ጨመርኩ። ለሙከራ ስንወጣ አምስተኛው ማርሽ አፏጨ። አባቴ አንዲት ቃል ሳይናገሩ መኪናዋን አቆሙ። ልቤ ወረደ። መካኒኩ በሚሞላበት ቀዳዳ ጣታቸውን አስገብተው «ልጄ፣ ባለአምስቱ 1.6 ሊትር ይፈልጋል፤ ዘይት በቀዳዳው ጠርዝ ይለካል እንጂ በድሮ መጽሐፍ አይለካም» አሉኝ። ሞላነው፤ ፉጨቱም ቆመ። ወዲያው ባንሰማው ኖሮ ጥርሱ በተበላ ነበር።

አንባቢ ሆይ፤ አምስተኛ ማርሽ ጉልበት የሚጨምር እንዳይመስልህ። ወደ ጎማው የሚደርሰው ጉልበት በአራተኛው ከሚደርሰው ከመቶ 82 እጅ ብቻ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ስለምትል አየሩ ስስ ነው፤ ሞተሩም በቆላ ከሚሰጠው ጉልበት አንድ አምስተኛ ያህል ይጎድልበታል። ስለዚህ ወደ አዳማ ስንወርድ በአምስተኛው በጸጥታ እንሄዳለን፤ ስንመለስ ግን ዳገት ሲመጣ ሞተሩ ሳይጨነቅ ወደ አራተኛው መመለስ ግድ ነው። በከተማ ውስጥማ አምስተኛው ሥራ የለውም።

በመጀመሪያው ጉዞአችን አያቴ ስለ ባላቸውና ስለዚህች መኪና ከሞጆ እስከ አዳማ ሲያወሩ፣ አባቴም ሲመልሱላቸው ከኋላ ተቀምጬ ሰማሁ። የመሸጡ ነገር ከዚያ ወዲህ አልተነሣም። እኔም በክፍል ውስጥ የምንማረው ማካፈልና ማባዛት ለፈተና ብቻ እንዳልሆነ ተረድቻለሁ። ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች ሆይ፤ አሮጌ ነገር አስቸገረን ብለን ከመጣላችን በፊት የችግሩን ምክንያት እንመርምር፤ ስንጠግንም የማናውቀውን ከሚያውቅ ሰው መጠየቅን አንፈር።