የአእምሮ ሕክምና ተመራማሪዎች የኅትመት መዝገብ ለተገልጋዩ ምን ይነግረዋል?

በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ፣ በፋርጣ፣ በላይ ጋይንት ወይም በስማዳ፣ የአእምሮ ሕመም የገጠመው ቤተሰብ በቅድሚያ የሚጠይቀው «የተሻለው ሐኪም የት ይገኛል?» ብሎ ነው። ዛሬ በስልክ የሐኪም ስም የሚፈልግ ሰው፣ ሐኪሙ ስንት ጥናት እንዳሳተመና ሥራው ስንት ጊዜ በሌሎች እንደተጠቀሰ የሚያሳይ ቁጥር ሊያገኝ ይችላል። ቁጥሩን አይቶ ከብት ሸጦ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ አዲስ አበባ ከመጓዝ በፊት ግን ቁጥሩ የሚለካውን ማወቅ ይጠቅማል።

አንድ ጥናት በሳይንሳዊ መጽሔት የሚታተመው በሙያው ባልደረቦች ተገምግሞ ነው። ሌላ ተመራማሪ በኋላ ያንን ሥራ መሠረት አድርጎ ሲጽፍ ምንጩን ይጠቅሳል፤ የሚቆጠረውም ይህ ነው። የፊዚክስ ሊቁ ኾርጌ ሂርሽ እ.ኤ.አ. በ2005 ያቀረበው «ኤች ኢንዴክስ» 10 ሆነ ማለት፣ ተመራማሪው እያንዳንዳቸው ቢያንስ 10 ጊዜ የተጠቀሱ 10 ጽሑፎች አሉት ማለት ነው። ቁጥሩ የማከም ችሎታን አይመዝንም። በመቶዎች የሚቆጠሩ ደራስያን በሚሳተፉበት ዓለም አቀፍ ጥናት ስሙ የሰፈረ ሰው በአንድ ጽሑፍ ብቻ ሺህ ጊዜ ሊጠቀስ ይችላል፤ በገጠር ጤና ጣቢያ ለዓመታት ሕሙማንን የረዳ ነርስ ግን ስሙ በየትኛውም መጽሔት ላይኖር ይችላል። የሙያ ፈቃድም የሚሰጠው በኅትመት ብዛት አይደለም።

መዝገቡ ዋጋ የሚያገኘው ጽሑፎቹ ተከታትለው ሲነበቡ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የአእምሮ ሐኪም ፕሮፌሰር አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1999 ያሳተሙት ጥናት፣ በቡታጅራ ገጠር ሰው ለአካል ሕመም ዘመናዊ ሕክምናን፣ ለአእምሮ ሕመም ግን ባህላዊውን እንደሚመርጥ አሳየ። ቀጥሎ በዚያው አካባቢ 68,378 ሰዎች ተጠየቁ። እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው ውጤት ስኪዞፍሬኒያ ከተገኘባቸው 321 ሰዎች መካከል ለሕመሙ የሚሰጠውን መድኃኒት ከዚያ በፊት ወስደው የሚያውቁት ከ10 በመቶ በታች ነበሩ። በፕሮፌሰር አበባው ፈቃዱ መሪነት የቀረበውና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው የ10 ዓመት ክትትል ይበልጥ ያሳዝናል፦ ከባድ የአእምሮ ሕመም ካለባቸው 919 ሰዎች 121ዱ ሞተዋል፤ የሞቱትም ከሚጠበቀው ዕድሜ ወደ 30 ዓመት ገደማ ቀድመው ነው። ግማሽ ያህሉን የገደለው ተላላፊ በሽታ ነበር።

ስለዚህ ጥያቄው ሕክምናውን ለሕሙማኑ እንዴት እናቅርብ ወደሚለው ተሸጋገረ። በፕሮፌሰር ሻርሎት ሃንሎን የተመራውና እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው ጥናት 329 ሕሙማንን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ፣ ግማሾቹን በሠለጠኑ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች፣ ግማሾቹን በሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ነርሶች እንዲታከሙ አደረገ። በጤና ጣቢያ የታከሙት ሰዎች ሁኔታ ከሌሎቹ የከፋ ሆኖ አልተገኘም። በእርግጥ ቡታጅራና በጉና ሥር ያለች ቀበሌ አንድ አይደሉም፤ ይሁን እንጂ መንገዱ በረዘመ ቁጥር ቅርብ የሆነው ክትትል ሳይቋረጥ የመዝለቅ ዕድሉ ይሰፋል።

በመሆኑም የደቡብ ጎንደር ተገልጋዮች በአቅራቢያቸው ካለው ጤና ጣቢያ እንዲጀምሩና በአእምሮ ጤና የሠለጠነ ባለሙያ እንዲጠይቁ ይመከራል። ከጤና ጣቢያው አቅም በላይ ሲሆን ሕመምተኛው ወደ ሆስፒታል ይላካል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባላት የሪፈር ወረቀት ሳይዙ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ቢሄዱ ወጪው በራሳቸው ላይ ሊወድቅ ይችላል። ራሱን ለማጥፋት የሚያስብ፣ ምግብና ውኃ እምቢ ያለ ወይም ራሱንና ሌላውን ለመጉዳት የተቃረበ ሰው ግን ቀጠሮ ሳይጠበቅ በዚያው ዕለት ወደ ሆስፒታል መድረስ አለበት። ጠበል የሚጠመቁ ሕሙማን የታዘዘላቸውን መድኃኒት ባለሙያ ሳያማክሩ ማቋረጥ የለባቸውም፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ማስኬድ ይቻላል።

በሕክምናው ሂደት ከደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲም ሆነ ከሌላ ተቋም የመጣ ተመራማሪ በጥናት እንዲሳተፉ ሊጠይቅዎ ይችላል። ጥናቱ በሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ መፈቀዱን፣ ስምዎ በምስጢር መያዙን መጠየቅ መብትዎ ነው። ባይስማሙ ወይም ጀምረው ቢያቋርጡ የሚያገኙት ሕክምና አይቀነስም።