የባቄላን ደዌ በትክክለኛ ስሙ ስለ መጥራት

ከጎንደር ከቁስቋም ተነሥቶ ወደ ወገራና ወደ ዳባት ደጋ የሚወጣ ሰው በክረምት የባቄላ ማሳ ሳያይ አያልፍም። ባቄላ ለጾመኛው ወጡ፥ ለድኻው ስንቁ፥ ለመሬቱም ጉልበቱ ነው፤ ሥሩ ከአየር የሚያከማቸው ናይትሮጅን በሚከተለው ዓመት ለሚዘራው ገብስና ስንዴ ይተርፋልና። ስለዚህ ባቄላ ሲታመም የሚጐዳው አንድ ማሳ ብቻ አይደለም።

በ2003 ዓ.ም. ገደማ በሰሜን ሸዋ ደጋ ከዚያ በፊት ያልታወቀ የባቄላ ደዌ ታየ። ገበሬውም ቆርምድ አለው። በመጀመሪያ በቅጠሉ ላይ ባንድ ወገን የጐደጐደ በሌላው ወገን ያበጠ አረንጓዴ እባጭ ይወጣል፤ ኋላ እባጩ ቡናማ ይሆናል፥ ቅጠሉ ይጨማደዳል፥ ተክሉም ይደርቃል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ደዌው ወደ ወሎና ወደ ጎንደር ደጋ ተዛመተ።

ምክንያቱ በዓይን የማይታይ ረቂቅ ሻጋታ ነው። ሊቃውንት ብዙውን ሻጋታ በብርጭቆ ሳሕን ምግብ አዘጋጅተው ያበቅሉታል፤ ባሕርዩንም መርምረው ስም ይሰጡታል። ይህ ግን በሕያው ተክል ውስጥ ካልሆነ በቀር አይበቅልም። ስለዚህ አስቀድሞ መልኩን አይተው፥ ጃፓናዊው ኩሳኖ በ1912 በአውሮፓ አቆጣጠር ባወጣው ስም ኦልፒዲየም ቪሲዬ ብለው ጠሩት። በ2021 ግን ከአውስትራሊያና ከኢትዮጵያ የተውጣጡ ተመራማሪዎች የዲ.ኤን.ኤ. ምርመራ ጨምረው ቢያጠኑት፥ ኦልፒዲየም ሳይሆን የፊዞደርማ ወገን ሆኖ ተገኘ።

ስለ ስም አወጣጥም ሕግ አለ። ለሻጋታ የደረቀ ናሙና በቤተ መዘክር ማኖር ይበቃል። ለባክቴሪያ ግን ሕያው ዘሩ በሁለት አገር ካልተቀመጠ ስሙ አይጸናም፤ በሳሕን ለማይበቅሉትም ካንዲዳቱስ፥ ማለት እጩ፥ የሚል መጠሪያ እንዲቀድም በ1994 ሐሳብ ቀረበ። በ2022 ደግሞ በዲ.ኤን.ኤ. መሠረትነት ስም የሚያጸና ሴቅኮድ የተባለ ሕግ ወጣ።

ስም ቢለወጥ ለአራሹ ምን ይጠቅመዋል የሚል ይኖር ይሆናል። ስም ዘመድን ያሳያል፤ ዘመድም ጠባይን ያስታውቃል። የበቆሎ ቡናማ ነጠብጣብ ደዌ ከዚሁ ወገን ነው፤ የዚህም ሻጋታ ጽኑ ዘር በገለባና በአፈር ውስጥ ይከርማል፤ እርጥበት ሲያገኝ ፈንድቶ በውሃ እየዋኘ ወደ አዲሱ ቅጠል ይደርሳል። በተሳሳተ ስም ዘር የመረጠ ወይም መድኃኒት የፈተነ ሰው ድካሙ በሌላ ጠላት ላይ ይሆንበታል።

ስለዚህ አገር የሚያስተዳድርና እርሻ የሚያሳርስ ሁሉ አራሹን እንዲህ ብሎ ቢመክር መልካም ነው። ውሃ በሚቋጥር ማሳ ቦይ ይውጣ፤ ባቄላ በባቄላ ላይ አይዘራ፤ የታመመው ገለባ ከማሳ ይወገድ፤ ዘርም ከታመመ ማሳ አይወሰድ። ምልክቱ በታየ ጊዜ ሳይደበቅ ለግብርና ሹም ይነገር፤ ቅጠሉም ከነእባጩ ለምርመራ ይቅረብ። በሳሕን የማይበቅለውን ጠላት ሊቃውንት የሚያውቁት ከማሳ በሚመጣላቸው ቅጠል ነውና።