የዕቃ ማጠቢያ መኪናና የወጥ ቤት ጠረጴዛ

የዕቃ ማጠቢያ መኪና ከወጥ ቤት ጠረጴዛ ሥር ሲተከል ባለቤቱ ብዙውን ጊዜ የሚጠነቀቀው ለውሃው ቱቦና ለኤሌክትሪኩ ነው። ጠረጴዛው ግን ፎርማይካ ስለ ለበሰ ውሃ አይጎዳውም ተብሎ ይተዋል። ይሁን እንጂ ፎርማይካው የሚሸፍነው ላዩን ነው፤ ጉዳቱም የሚመጣው ከሥር ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። መኪናው የሚያጥበው እንደ አሠራሩ ከ50 እስከ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሞቀ ውሃ ነው። እንደ ጨረሰ በሩ ወዲያው ቢከፈት እንፋሎቱ ወደ ላይ ወጥቶ የጠረጴዛውን የፊት ጠርዝ ከሥር ይመታል፤ በዚያም ቀዝቅዞ ጠብታ ይሆናል። ቺፕውድ ደግሞ ሰጋቱራና የእንጨት ፍርፋሪ በሙጫ ተለውሶ፥ በሙቀትና በኃይል ተጨምቆ የተሠራ ነው። እርጥበት ሲገባበት ፍርፋሪው ያብጣል፥ ሙጫውም ይላቀቃል፤ ኋላ ቢደርቅም ወደ ቀድሞው ውፍረቱ አይመለስም። ስለዚህ መድኀኒቱ አስቀድሞ መከላከል ነው።

አንደኛ፥ መኪናው ከመግባቱ በፊት የጠረጴዛው ሥር ተጠርጎና ደርቆ፥ ከፊት ጠርዝ ጀምሮ በመኪናው ስፋት ልክ፥ በአንድ ፊቱ ሙጫ ያለው የአሉሚኒየም ወረቀት ይለጠፍበት። ብዙ ፋብሪካዎች ይህን መከላከያ ከመኪናው ጋር ይልካሉ። ሁለተኛ፥ በመጋዝ የተቆረጠው ጠርዝና የቧንቧው ቀዳዳ በቫርኒሽ ወይም በሲሊኮን ይደፈን። ሦስተኛ፥ እንፋሎቱ እስኪበርድ በሩ ሳይከፈት ይቆይ። ሥራውን ሲጨርስ በሩን ራሱ ለሚከፍት መኪና ግን መከላከያው የግድ ነው።

ወረቀቱን መለጠፍ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ያበጠ ጠረጴዛ ግን ከመለወጥ በቀር ሌላ መላ የለውም።