ፊዚክስ ጭራቅ ነው እንዴ?

«ፊዚክስ» ሲባል ሆዳችሁን የሚቆርጣችሁ ስንቶች ናችሁ? እጅ አውጡ ቢባል ክፍሉ በሙሉ ሳያወጣ አይቀርም። አይፈረድባችሁም! የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የዋዛ አይደለም። በ2014 ዓ.ም ከተፈተኑት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም 3.2፣ በ2016 ዓ.ም ደግሞ 5.4 በመቶ። ከመቶ ልጅ ሦስቱ ወይም አምስቱ ማለት እኮ ነው!

በቅርቡ ለዘመድ ጥየቃ አቦምሳ ሄጄ ነበር። አርሲ ውስጥ የመርቲ ወረዳ ከተማ ናት፤ ሙቀቷ አይጣል ነው። ባረፍኩበት ቤት አንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ አለች፤ ስሟ ይቆየን። ማታ ቡና ሲፈላ እሷ ጥግ ይዛ ትሸመድዳለች። ደብተሯን ባየው ጉድ ነው! ፎርሙላው በቀይ፣ በሰማያዊ፣ በአረንጓዴ እስክርቢቶ ተሸልሟል።

«ጋሼ፣ ሁሉንም በቃሌ ይዤዋለሁ። ጥያቄ ሲመጣ ግን የቱን እንደምጠቀም ይጠፋኛል» አለችኝ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ካልመጣልኝ አረብ አገር ነው የምሄደው። ጓደኞቼ ሄደዋል። ደላላው እናቴን አነጋግሯታል» አለች።

እንግዲህ ለዚህች ልጅ ፊዚክስ የነጥብ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

«እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አልኳት። «ቲማቲም ጢም አድርጎ የጫነ አይሱዙና ባዶ አይሱዙ አሉ። እኩል ጉልበት ቢገፋቸው የትኛው ቶሎ ይፈጥናል?»

«ባዶው ነዋ!»

«ለምን?»

«ስለሚቀል!»

«ይኸውልሽ! ፎርስ እኩል ሆኖ ማስ ሲበዛ አክስለሬሽን ይቀንሳል። የኒውተን ሁለተኛ ሕግ ይሄ ነው።»

ሳቀች። ሕጉን በቀይ እስክርቢቶ ከጻፈችው ቆይታለች፤ በደጃቸው ከሚያልፈው መኪና ጋር ግን አገናኝታው አታውቅም። ችግሩ የጭንቅላት አይደለም፤ የአጠናን ነው።

እኔ ራሴ ከሁለተኛ ደረጃ ያለፈ ትምህርት የለኝም። ስለዚህ ፊዚክስ ለብዙ ዓመት ያስተማሩ አንድ መምህር ዘንድ ሄጄ ምክራቸውን ለመንኳቸው። ጨመቅ አድርጌ እነሆ፦

1. መጀመሪያ ሥዕል። ጥያቄውን እንዳነበባችሁ ወደ ፎርሙላ አትሩጡ። መኪናውን፣ ገመዱን፣ ዳገቱን በጭረትም ቢሆን ሣሉት። የተሰጠውን በአንድ በኩል፣ የተጠየቀውን በሌላው በኩል ጻፉ። ፎርሙላው ራሱ ይመጣል።

2. መለኪያውን አትርሱ። በኪሎ ሜትር በሰዓት የተሰጠውን በሜትር በሰከንድ ከሚሄደው ጋር ያደባለቀ ሰው፣ ስሌቱ ልክ ቢሆንም መልሱ ገደል ነው። በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ማለት በሰከንድ 20 ሜትር ነው።

3. በእጃችሁ አስሉ። ካልኩሌተሩን አስቀምጡትና ይቺን ሞክሩ። በ1952 ዓ.ም ሥራ የጀመረውን የቆቃ ግድብ አስቡ። አምስት በርሜል ውሃ፣ ማለትም 1,000 ሊትር፣ ከ40 ሜትር ከፍታ ቢወርድ ስንት ኢነርጂ ይሰጣል? 1,000 ኪሎ ግራም ሲባዛ በ10፣ ሲባዛ በ40፤ 400,000 ጁል! ብክነቱን ብንተወው ባለ 100 ዋት አምፖል 4,000 ሰከንድ ያበራል፤ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ከፍ ይላል። አምስት በርሜል ውሃ ለአንድ አምፖል! ይህን በእጁ ያሰላ ልጅ ፖቴንሻል ኢነርጂን በሕይወቱ አይረሳውም።

4. ተመሳሳይ ቃላትን ለዩ። ፓወርና ኢነርጂ አንድ አይደሉም። አዳማ ላይ በመጀመሪያ የተተከሉት የነፋስ ማመንጫዎች 34 ናቸው፤ እያንዳንዳቸው 1.5 ሜጋ ዋት፣ በድምሩ 51። ይሄ ፓወር ነው። ኢነርጂ የሚሆነው በሰዓት ሲባዛ ነው። የቤታችሁ ቆጣሪ የሚቆጥረውም ኪሎ ዋት ሰዓት ነው።

5. ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችን ሥሩ። ሰዓት ይዛችሁ፣ መልስ ሳታዩ። የተሳሳታችሁትን ለብቻው ደብተር መዝግቡና በሳምንቱ እንደገና ሥሩት። ሦስት ጓደኛሞች ተራ በተራ ብታስረዱ ደግሞ ይበልጥ ይገባችኋል። ማስረዳት ያቃታችሁ ቦታ ያልገባችሁ ቦታ ነው።

6. ተኙ! በዋዜማው እስኪነጋ ማፍጠጥ ጀግንነት አይደለም። የደከመ ጭንቅላት የያዘውንም ይጥላል።

7. «መልስ አለን፣ ብር ላኩ» ከሚሏችሁ ራቁ። በ2008 ዓ.ም ፈተናው ሾልኮ ወጥቶ ተሰረዘ፤ ሲያጠኑ የከረሙትም እንደ አዲስ ተቀመጡ። በ2014 ዓ.ም ደግሞ ተማሪው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ መፈተን ጀመረ። ወደ ፈተናው አብሯችሁ የሚገባው በእጃችሁ የሠራችሁት ብቻ ነው።

ለወላጆችም አንድ ቃል አለኝ። የአቦምሳዋ ልጅ ደብተሯን የምትገልጠው ውሃ ቀድታ፣ ወጥ ሠርታ፣ እቃ አጥባ ከጨረሰች በኋላ ነው። ወንድሟ ያን ሰዓት ኳስ ተጫውቶ ገብቷል። ለእናቷ ይህንኑ በአክብሮት ነገርኳቸው። «እውነትህን ነው ልጄ» አሉና እቃ ማጠቡን ለልጁ ሰጡት። ልጁ ቢያጉረመርምም እሷ በቀን አንድ ሰዓት ተኩል አትርፋለች። ደላላውን ግን ገና እንቢ አላሉትም፤ ውጤቷን እየጠበቁ ነው።

እናንተም ቤት እንዲህ ያለች እህት ካለች፣ ዛሬ ማታ ሰሃኑን ተቀበሏት። መልካም ፈተና!