ሐኪም የመሆን ውሳኔ የት ይጀምራል?

በርበሬ በረንዳ ያደገ ሰው ሳል አያስደነግጠውም። ዛላው ሲራገፍ፣ ሲቀነጠስ ብናኙ ጉሮሮ ስለሚከረክር ሁሉም ያስላል። ዛላ ትቀነጥስ የነበረችው እናቴ ለወራት ስታስልም ጎረቤቱ ሁሉ «በርበሬው ነው» ይል ነበር።

ጤና ጣቢያ አብሬያት ስሄድ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ። ሐኪሙ «ሳሉ ከጀመረዎት ስንት ጊዜ ሆነ? ሌሊት ያልብዎታል? ከስተዋል?» ብሎ ጠየቃት፤ ተናግራ እስክትጨርስም አላቋረጣትም። የአክታ ምርመራው ሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) መሆኑን አሳየ። አብሬያት ስለምኖር እኔም ተመረመርኩ። እናቴ መድኃኒቱን ሳታቋርጥ ጨርሳ ዳነች፤ እኔም ሐኪም መሆን ተመኘሁ።

ምኞት ግን ገና ውሳኔ አይደለም። የሕክምና ተማሪ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት በአብዛኛው የሚያሳልፈው በክፍልና በላቦራቶሪ ነው። ከታካሚ ጋር የሚገናኘው በኋላ ወደ ውስጥ ደዌ፣ ቀዶ ጥገና፣ ሕፃናት እና ማህፀንና ጽንስ ክፍሎች ሲመደብ ነው። ብዙዎቻችን ሙያው የእኛ መሆን አለመሆኑን የምንለየው እዚያ ነው።

የመጀመሪያው ታካሚዬ አንድ አዛውንት ነበሩ። ሁለት ተማሪዎች ቀድመውኝ ያንኑ ጠይቀዋቸዋል። «ጠይቂኝ ልጄ፤ ለነገው በሽተኛ ይጠቅማል» አሉኝ። በሳምንቱ አረፉ። ትምህርቱን ልተው አስቤ ነበር፤ ያቆየኝ ቃላቸው ነው።

ራስ ታሞ መታከምም መንገድ ይከፍታል። ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ በምጥ ምክንያት በመጣ ፌስቱላ ታመው በዶክተር ካትሪን ሃምሊንና በባለቤታቸው ታከሙ። ከዚያም እዚያው እየረዱና እየተማሩ፣ የሕክምና ትምህርት ቤት ሳይገቡ፣ የታወቁ የፌስቱላ ቀዶ ጥገና ባለሙያ ሆነዋል።

ለእርስዎና ለቤተሰብዎ

• እንደ ጥቁር አንበሳና ቅዱስ ጳውሎስ ባሉ ማስተማሪያ ሆስፒታሎች ተማሪዎች አልጋዎን ሊከቡ ይችላሉ። ማን ተማሪ፣ ማን ሐኪም እንደሆነ ይጠይቁ።
• ደክሞዎት ወይም አፍረው ከሆነ «አሁን አይመቸኝም» ማለት መብትዎ ነው፤ በዚህ ምክንያት ሕክምናዎ ሊጓደል አይገባም።
• ፈቃደኛ ከሆኑ ታሪክዎን ሳይቸኩሉ ይንገሩ። የመጽሐፉን በሽታ ሰው የሚያደርግለት የእርስዎ ቃል ነው።
• ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየን ሳል በበርበሬ ብናኝ አያሳብቡ። ጤና ጣቢያ ሄደው ይመርመሩ፤ በመንግሥት ጤና ተቋማት የቲቢ ሕክምና በነፃ ይሰጣል።