ስለ ላፕቶፕ ትራክፓድ ቁልፍ መበላሸትና ስለ አጠጋገኑ

በድሮ ዘመን የአገር አስተዳደር መዝገብ በብራናና በወረቀት ይጠበቅ እንደ ነበረ የታወቀ ነው። ዛሬ ግን የመሬት ይዞታ መዝገብ፥ የማዳበሪያና የምርጥ ዘር ማከፋፈያ ዝርዝር፥ የግብርም ሂሳብ በብዙ ስፍራ በኮምፒዩተር ተጽፎ ይቀመጣል። ስለዚህ የወረዳው ጽሕፈት ቤት ላፕቶፕ በዘር ወራት አንድ ቀን ሥራ ቢፈታ፥ ጉዳቱ በጸሓፊው ላይ ብቻ አይቀርም፤ ዘሩን ሊወስድ ከሩቅ ቀበሌ የመጣው ገበሬ ባዶ እጁን ይመለሳል፤ ዝናሙም አይጠብቀውም። በላፕቶፕ ላይ ከሚደርሱት ብልሽቶች አንዱ የትራክፓዱ ቁልፍ አልጫን ማለቱ ነው። ይህ ነገር ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ ዳሩ ግን አንዳንድ ጊዜ ከበታቹ የእሳት አደጋ የሚሸሸግበት ስለ ሆነ፥ ሹማምንትም ባለ እርሻዎችም ምክንያቱን ለይተው ማወቅ ይገባቸዋል።

ትራክፓድ የሚባለው ከፊደሎቹ ገበታ በታች ያለው ለስላሳ ሰሌዳ ነው። ጣት ሲነካው በውስጡ ያለው የኤሌክትሪክ መስክ ይለወጣል፤ መሣሪያውም ለውጡን እየለካ በስክሪኑ ላይ ያለውን ቀስት ያንቀሳቅሳል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1994 ዓመት አፕል የተባለው ኩባንያ ፓወርቡክ 500 የሚባለውን ላፕቶፕ ከዚህ ሰሌዳ ጋራ ባወጣ ጊዜ፥ ቁልፉ ከሰሌዳው ተለይቶ ለብቻው ነበረ። በ2008 ግን ይኸው ኩባንያ ሰሌዳውን ራሱን ቁልፍ አደረገው። እንዲህ ያለው ሰሌዳ በአብዛኛው በላይኛው ጠርዙ እንደ መዝጊያ በማጠፊያ ተይዞ፥ በታችኛው በኩል ሲጫኑት ዝቅ ይልና ከሥሩ ያለችውን ትንሽ ማብሪያ ይነካል፤ «ቀጭ» የሚለውም ድምፅ የእርስዋ ነው። ከ2015 ወዲህ በወጡት በአንዳንዶቹ ላፕቶፖች ደግሞ ሰሌዳው ከቶ አይወርድም፤ በመግነጢስ እየተንቀጠቀጠ የተጫነ ያስመስላል እንጂ። ስለዚህ እንዲህ ያለው ላፕቶፕ ጠፍቶ ሳለ ሰሌዳው «ቀጭ» ባይል ተበላሸ አይባልም።

አስተዋይ ገበሬ በሬው አልስብ ቢለው፥ አስቀድሞ ቀንበሩንና ማረሻውን ይመለከታል እንጂ ጅራፍ አያነሣም። እንዲሁም ቁልፉ እንቢ ሲል በኃይል መደብደብ አይገባም። የብልሽቱ ምክንያት ብዙውን ጊዜ ከሚከተሉት አንዱ ነው።

1ኛ፤ የኮምፒዩተሩ ማስተካከያ ተለውጦ ወይም ትራክፓዱ ሳይታወቅ ተዘግቶ ይሆናል።

2ኛ፤ የውድማ አቧራ፥ ገለባ፥ ወይም የፈሰሰ ሻይና ስኳር በጠርዙ ገብቶ ይሆናል።

3ኛ፤ ማብሪያዋ በብዙ መጫን አልቃ፥ ወይም ሰሌዳውን ከውስጥ የሚያገናኘው ቀጭን ሽቦ ላልቶ ይሆናል።

4ኛ፤ ከበታቹ ያለው ባትሪ አብጦ ሰሌዳውን ወደ ላይ ገፍቶት ይሆናል።

ከሁሉ የሚያስፈራው አራተኛው ነው። የዛሬ ላፕቶፖች የሚሠሩት፥ በ1991 ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ በቀረበው በሊትየም አዮን ባትሪ ነው። ይህ ባትሪ ሲያረጅ፥ ብዙ ሙቀት ሲያገኘው፥ ወይም ሁልጊዜ በቻርጀር ላይ ሲውልና ሲያድር፥ በውስጡ ያለው ፈሳሽ እየፈረሰ ጋዝ ያወጣል፤ መያዣው ስስ ከረጢት ስለ ሆነም ያብጣል። በብዙ ላፕቶፕ ባትሪው ከትራክፓዱ በታች ወይም ከአጠገቡ ነውና፥ ሰሌዳው የሚወርድበት ስፍራ ያጣል። ምልክቱም የታወቀ ነው፤ ሰሌዳው ጎብጦ ወይም ከጠርዙ ተነሥቶ ይታያል፤ ክዳኑ አይገጥምም፤ ላፕቶፑም በተስተካከለ ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጡት ይወዛወዛል። እንዲህ ያለውን ሰሌዳ በኃይል መጫን፥ ወይም በቢላዋና በካቻቢቴ መፈልቀቅ ባትሪውን ሊበሳው ይችላል፤ የተበሳ ባትሪም በድንገት ይቃጠላል።

ስለዚህ ይህ ምልክት የታየ እንደ ሆነ፥ ቻርጀሩን መንቀል፥ ላፕቶፑን ማጥፋትና ዳግመኛ አለማብራት ያስፈልጋል። ከዚያም ከወረቀት፥ ከሣር ክዳንና ከማዳበሪያ መጋዘን አርቆ በሲሚንቶ ወይም በድንጋይ ላይ ማስቀመጥና ባለሙያ መጥራት ነው። ጭስ ቢያወጣ ግን ሰዎቹን ማራቅ ይቀድማል።

እብጠት ከሌለ ግን ምርመራው ቀላል ነው። አስቀድሞ ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ ማብራት፤ ቀጥሎም ማውዝ መሰካት ነው። በማውዙ መጫን የሚቻል ከሆነ፥ ጥፋቱ የትራክፓዱ ወይም የማስተካከያው ነው። በማስተካከያው ውስጥ ትራክፓዱ መከፈቱንና ሰሌዳውን በጣት መታ ማድረግ እንደ መጫን እንዲቆጠር መፈቀዱን መመልከት ይገባል፤ መታ ሲደረግ እየሠራ ሲጫኑት የማይሠራ ከሆነ፥ ማብሪያዋ ወይም ቆሻሻ ነው። ላፕቶፑ ጠፍቶ ሳለ ጠርዙን በደረቅ ለስላሳ ጨርቅና ብሩሽ መጥረግ ይቻላል፤ ውኃ ማፍሰስ ግን ክልክል ነው። ጥገናው እስኪፈጸም ሥራው በማውዝ ሊቀጥል ይችላል፤ ስለዚህ በአንድ ማውዝ እጦት ገበሬን ማመላለስ የሚገባ አይደለም።

ላፕቶፑ ለጠጋኝ ሲሰጥ ደግሞ ጥንቃቄ ያሻል። እብጠት ከሌለው፥ አስቀድሞ የመዝገቡን ግልባጭ በሌላ ዲስክ መውሰድ፤ ያበጠ ከሆነ ግን ሳያበሩት መዝገቡ እንዲድን ለባለሙያው መንገር ይገባል። የላፕቶፑ መለያ ቁጥር፥ የብልሽቱ ዓይነት፥ ዋጋውና የሚመለስበት ቀን በጽሑፍ ይያዝ፤ ማለፊያ ቃልም ለጠጋኙ በከንቱ አይሰጥ፤ የገበሬዎች ስምና ይዞታ የአደራ ነገር ነውና። አንዳንዱ ብልሽት በመጥረግ ወይም ብሎን በማስተካከል ይድናል፤ አንዳንዱም ሰሌዳው ካልተለወጠ አይድንም። የተለወጠ ዕቃ ካለ አሮጌውን ማየት ይገባል። ያበጠ ባትሪ ግን በባለሙያው በኩል ይወገድ እንጂ በጽሕፈት ቤቱ አይከማች፥ ከቆሻሻ ጋራም አይጣል። በርክክቡም ጊዜ ቁልፉ በሁለቱም ጎን በተረካቢው ፊት ይፈተን።

አገራችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ትላለች። የጽሕፈት ቤት ኃላፊ የሆነ ሁሉ በየወሩ አንድ ጊዜ ላፕቶፖቹን በጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ መወዛወዛቸውን ቢመለከት፥ የሚፈጅበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ የሚያድነው ግን የጽሕፈት ቤቱን ንብረትና የሠራተኛውን ሕይወት፥ የገበሬውንም መዝገብ ነው።