ስድስት ሳምንት በሰከንድ ሲቆጠር

የልጅ ልጄ ሰሞኑን "አያቴ፣ አሥር ሰዎች አግዳሚ ወንበር ላይ በስንት ዓይነት ቅደም ተከተል ይቀመጣሉ?" አለኝ። ቢበዛ ሺህ ብዬ ነበር። መልሱ 3,628,800 ነው፤ ለመጀመሪያው ቦታ 10 ምርጫ አለ፣ ለቀጣዩ 9፣ እንዲህ እስከ 1፤ ሁሉም ይባዛሉ። ስለዚህም ቁጥሩ ከ1 እስከ 10 ላሉት ሁሉ ያለ ቀሪ ይካፈላል፤ በጠቅላላው 270 አካፋዮች አሉት።

የገረመኝ ግን ሌላ ነው። አንድ ቀን 86,400 ሰከንድ ነው፤ በ42 ቀን ሲባዛ ያው 3,628,800! አሥሩ ሰዎች በየሰከንዱ ቦታ ቢቀያየሩ፣ ሁሉንም አቀማመጥ የሚጨርሱት ልክ በስድስት ሳምንት ነው፤ ሰከንድ አይተርፍም፣ አይጎድልም።

ስድስት ሳምንት ደግሞ ሕፃን የመጀመሪያውን ፔንታ የሚከተብበት ቀጠሮ ነው። ክትባት ክፍል ስሠራ "ሴት ናት፣ ሰማንያው ይውጣ" ብለው የሚያስቀሩ አያቶች ነበሩ። ክርስትናው በ80ኛው ቀን ይሁን፤ ክትባቱ ግን በ42ኛውና በ70ኛው ቀን ስለሆነ ሁለቱም ያልፋሉ። ሦስተኛው በ98ኛው ነው። ያለፋችሁ ካላችሁ ካርዱን ይዛችሁ ዛሬውኑ ሂዱ፤ ካለበት ይቀጥላል።